መርሳ ላይ፣ አንድ ግስ

ዘጠነኛ «ለ» ክፍል፣ ከቀትር በኋላ፣
ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ ፀሐይ ስትበላ፣
ጠመኔ አንስቼ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣
አንድ ግስ ጻፍኩላቸው፣ ከመጽሐፍ ቀድቼ፦
ኤክስፕሎድ።

«ትርጉሙን ማን ያውቃል?» አልኩና
አፌን ሳልዘጋ አፈርኩ።
ማን የማያውቅ አለ ብዬ ነው የጠየቅኩ?
ያ ግድግዳው ላይ ያለ ቀዳዳ፣ በጭቃ የደፈንነው፣
ከእኔ ቀድሞ አስተምሯቸዋል፤ ፈተናውንም የሰጠው እሱ ነው።

እጅ የሚያወጣ ጠፋ።
የአንዱ እስክሪብቶ ብቻ ወድቆ
ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣
እስኪቆም ሁላችንም ሰማነው።

እኔም ሸሸሁ።
መምህር ሲጨንቀው የሚሸሸው ወደ ቃል ሥር ነው፤
እንደ ድንች ቆፍሮ፣ አፈሩን አራግፎ ሊያየው።
«ሮም ውስጥ» አልኩ፣ «ድሮ፣ ቴአትር በሚታይበት፣
ተዋናዩ ቃል ሲስት፣ ጨዋታው ሲበላሽበት፣
ሕዝቡ ድንጋይ አላነሳም፤ አጨበጨበ እንጂ።
ሙገሳ እንዳይመስላችሁ፤
መዳፍ ነበር የዚያ ዘመን ፈንጂ።
ላቲኖቹ ‹ኤክስ› ሲሉ ወደ ውጭ ማለት ነው፤
‹ፕላውደሬ› ማጨብጨብ፤
ሁለቱ ሲጋቡ፦ አጨብጭቦ ማባረር፣
ሰውየውን ከነካባው ከመድረክ ማስወረድ።»

«ታዲያ እንዴት ቦንብ ሆነ?» አለኝ አንዱ ከጥግ።
«ሰዎች ጩኸቱን ወሰዱ፣ መድረኩን ጣሉት።
ከዘመን በኋላ መዳፉንም ረሱት።
ቃልም እንደ ሰው ይረሳል» አልኩ፣
መርሳ ቁጭ ብዬ።

የእኛው ፈነዳስ? ብዬ ደግሞ በሆዴ አሰብኩ።
እምቡጥ ይፈነዳል፤ ፈንዲሻ ይፈነዳል፤
ልጃገረድ በሳቅ ትፈነዳለች፤
ያም ይፈነዳል።
ከአበባውና ከእሳቱ የቱ እንደቀደመ
ቆፍሮ የሚያሳየኝ መዝገብ እጄ ላይ የለም።

ይኼኔ ሰዓዳ ሙሄ ብድግ አለች፦
«ቲቸር! ወፍ ነዋ!»
«የምን ወፍ?»
«ማሽላው ሲያሽት ነዋ፣ ማማ ላይ ሆነን፣
ግሪሳው እንደ ደመና ሲወርድብን፣
ወንጭፉ ሲበጠስ፣ ጉሮሯችን ሲደርቅ፣
ይኸው እንዲህ ነው የምናወጣቸው!»
አጨበጨበች። አንዴ። ሁለቴ።
ጎኗ ያለችው ተቀበለች፤ የኋላው ረድፍ ተቀበለ፤
ክፍሉ ሙሉ ማሽላ ማሳ ሆነ፤
እኔም ሞኙ፣ ጠመኔውን ጥዬ አብሬ አጨበጨብኩ፤
ኮርኒሱ ውስጥ ያደሩ ርግቦች
በመስኮቱ ወጡ፣ ግር ብለው።
ሮም መጣች አልኩ። መርሳ ድረስ መጣች።

ቀስ ብሎ ጭብጨባው ሳሳ። ከመሃል ጀምሮ።
ሁሉም ወደ ሦስተኛው ወንበር ያያል።

ኑርዬ ወንበሩ ላይ የለም።
ጠረጴዛው ሥር ነው፤ ጉልበቱን አቅፎ፣
ጆሮውን በሁለት መዳፉ ደፍኖ፣
ዓይኑን ጨፍኖ።

ማንም አልሳቀ። እኔ የማውቀው ላቲን አለቀ።
ሰዓዳ ናት የሄደች፤
ተንበረከከች፤ ምንም አልተናገረች።
አንድ እጁን ቀስ ብላ ከጆሮው አላቀቀች፣
መዳፉን በመዳፏ ላይ አኖረች፣
ሁለት መዳፍ ተጋጠመ፣
ድምፅ ሳያሰማ።

ደወሉ እስኪደወል እንዲያው ቆየን።
ከዚያ ልጆቹ ወጡ፣ በእግር ጣታቸው፣
የታመመ ሰው እንዳለበት ቤት።

ሰሌዳውን አጠፋሁ።
ብናኙ እጄን አለበሰው።
ላራግፈው ሁለቱን መዳፎቼን አነሳሁ፤
አየር ላይ ቆሙ፤ ተውኩት።
በነጭ ጋውኔ ጠረግሁት፤
ነጭ በነጭ ላይ፣ አይታይም።